አራት ጣት ከፍታ

ጋራዡን ከዘጋሁ ወዲህም መኪናቸውን ቤቴ ድረስ ይዘው የሚመጡ አሉ። ሹፌሩ ከአጥሩ ውጭ ክላክስ ያደርጋል፤ ስወጣ በእጁ የመኪናውን ሆድ እያሳየ፣ «ጋሽ መኮንን፣ ድንጋዩ እየላጋት ተቸገርን፤ ትንሽ ከፍ ያድርጉልን» ይለኛል። «ተውኩት ልጄ» እላለሁ። የከተማችን የመካነ ኢየሱስ ሰው ከሆነ ይሰናበተኛል እንጂ አይጨቀጭቀኝም፤ ለምን እንደተውኩት ያውቃል። ከሌላ አገር የመጣ እንደሆነ ግን «ሽማግሌው ኮርተዋል» እያለ ይሄዳል። ኮርተዋል ይበለኝ። ማስረዳት ደክሞኛል። ይኸው አንዴ ልጻፈውና ይገላግለኝ።

ሥራዬ የመኪና እግር ነበር። ሞተር አልነካም። ከጎማው በላይ ከአካሉ በታች ያለውን፣ ንብብር ብረቱን ባሌስትራ፣ ሞላውን፣ ዝላዩን የሚያበርደውን አሞርዛተር ነው ዕድሜ ልኬን ያየሁት፤ አብዛኛውንም በጀርባዬ ተኝቼ። የሞተር ባለሙያ ስም አለው፤ ሞተሩ ሲነሳ የቆመው ሁሉ ያመሰግነዋል። የባሌስትራ ሠራተኛን ግን የሚያስታውሰው ወገቡን ያመመው መንገደኛ ነው፤ ያውም በእርግማን።

የጀመርኩት ደብረ ታቦር፣ የመንገድ ሥራ መኪኖች በሚጠገኑበት ቦታ ነው። ደመወዙ ለአንድ ሰው ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ሰው ሆኜ ብዙ አልቆየሁም፤ አገባሁ። አለቃችን ነጭ ሸሚዝ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ዘይት የነካው ወረቀት አይፈርሙም። ስለዚህ የጋራዡን ወረቀት ሁሉ ይዘው የሚገቡት ጋሽ ይመር ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ከመኪና ሥር ውለው እጃቸው የማይቆሽሽ እሳቸው ብቻ ነበሩና። እንዴት እንደሚሆንላቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጋሽ ይመር የስማዳ ሰው ናቸው፤ ሙያዬን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ባሌስትራ ሲፈትሹ ዓይናቸውን አያምኑም። ንብብር ብረቱን አንድ በአንድ በትንሽ መዶሻ እየመቱ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ገበያ ላይ ገንቦ የምትገዛ ሴት በጣቷ እየቆረቆረች እንደምታዳምጠው ማለት ነው። ደህናው ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። እኔ ስመታ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። «እጅህ ቸኩሏል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉኛል። ብዙ ጊዜ አፍስሼ ብዙ ጊዜ ለቅሜያለሁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። መኪናው ተሠርቶ ሲያልቅ ሌላው መካኒክ መሪ ይይዛል። እሳቸው ግን ከኋላ፣ ጭነት የሚጫንበት ላይ ወጥተው በጀርባቸው ይንጋለላሉ፤ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ያደርጉና «በል ንዳ» ይላሉ። እኔ እነዳለሁ። ደርሰን ስንመለስ አቧራቸውን እያራገፉ፣ «የቀኙ ኋላ» ካሉ የቀኙ ኋላ ነው። አንድ ቀን ምነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መሪ የያዘ ሰው ጉድጓዱን አስቀድሞ ያየዋል» አሉኝ። «ገላው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ጭነት ግን አያይም።»

ከደብረ ታቦር ነፋስ መውጫ፣ ከዚያም ጋይንት ውስጥ አርብ ገበያ ወርጄ ለአንድ የጭነት መኪና ባለቤት ተቀጠርኩ። ይህ አለቃ ደግሞ ሸሚዙም ወረቀቱም ግድ የለውም፤ የሚገደው ጭነት ነው። ዓርብ ገበያው ሲፈታ የሰው እህል፣ ሰው፣ በግ፣ ቆርቆሮ አንድ ላይ ይቆልልና መኪናው ሲጎብጥ እኔን ይጠራል። መኪና ከፍ ማድረግን የለመድኩት እዚያ ነው። ባሌስትራው ላይ አንድ ንብብር እጨምራለሁ፣ ወይም በባሌስትራውና በጎማው አክሰል መካከል ደጋፊ ብረት አስገብቼ አጠብቃለሁ። አካሉ አራት ጣት ይነሳል። የጋይንት ድንጋይ ሆዱን አይነካውም። ሹፌር ይደሰታል፤ የከፍታውን ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ነው። ከፍ ያለ መኪና በጠመዝማዛው ይንገዳገዳል፤ የጠጠረ ባሌስትራ ጉድጓዱን ሳይውጠው ለተሳፋሪው አከርካሪ ያሳልፈዋል። ለዚህ አንድ መድኃኒት ነበረን፤ በእኛ አገር ያለ ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው። ባዶ መኪና ይዘላል፣ ስለዚህ ሁለት ኩንታል ገብስ ከኋላ ጣል ማድረግ ነው። ብረቱ ጎበጥ ይልና ይለሰልሳል። በሽተኛ የሚያደርስ ሹፌር ሳይቀር መጀመሪያ የሚጠይቀው የገብስ ከረጢት ነበር።

በኋላ እስቴ መጥቼ መካነ ኢየሱስ ላይ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ፤ ቆርቆሮ ጣራና ከመኪና ሥር የምገባበት አንድ ጉድጓድ። ጋሽ ይመርም ጡረታቸውን ይዘው ስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ በታች ካለው ቀበሌያቸው ገቡ፤ ከልጆቻቸው ጋር እርሻቸውን ያዙ። በዓመት አንዴ ሁለቴ እየመጡ ጉድጓዴ ጫፍ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ስሠራ ያዩኛል። አይናገሩም። መናገር ሲገባቸው ዝም የሚሉ ይመስለኝና ይበልጥ ይጨንቀኛል።

ሥራዬን ያስተወችኝ መኪና የመጣችው እንግዲህ እንዲህ ሆነን ሳለን ነው። ከዚያ ቀበሌ ወጥተው አዲስ አበባና ባሕር ዳር የሚነግዱ ሰዎች አዋጥተው ገዟት፤ ለአገራቸው በሽተኛ ማመላለሻ እንድትሆን። ከፊት ባለ ሁለት ረድፍ ወንበር፣ ከኋላ ጭነት የምትይዝ፣ በእኛ አገር ያልታየች ናት። ኋላዋ ባሌስትራ የለውም። በእሱ ፈንታ አየር የተሞላ የጎማ ከረጢት አለ፤ ጭነት ሲጨመር ኮምፕሬሰሩ አየር ይሞላበታል፣ ሲቀነስ ይለቃል። አሞርዛተሩም መቼ ይጠንክር፣ መቼ ይላላ የሚያዝዘው ኮምፒውተር ነው። በጠጠሩ መንገድ ላይ ስትሄድ ውስጧ የተቀመጠ ሰው ያንቀላፋል። አንድ ቀን ይዘዋት ሲመጡ ተንበርክኬ አየኋትና፣ ሳልዋሽ፣ ቀናሁባት። ዕድሜዬን በብረት የለፋሁበትን ነገር በአየር ጨርሳዋለች።

ችግሯ አንድ ነበር፤ ዝቅ ያለች ናት። ከወገዳ ወደ ቀበሌው የሚያስወርደው መንገድ መንገድ ከተባለ ነው፤ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ድንጋዩ ሆዷን ያዘና በበሬ ተጎትታ ወጣች። መኪናዋን እንዲያስተዳድር በቀበሌው የተመረጠው ኮሚቴ ወደ እኔ ላካት። ሹፌሯ አስማረ የሚባል ሲሆን ቀልደኛ ነው። «ጋሽ መኮንን፣ ይቺ ሙሽራ ናት፤ ረገጥ ማድረግ አልለመደችም» አለኝ።

እንደለመድኩት ከአየር ከረጢቱ ሥር ደጋፊ ብረት አስገባሁ። አራት ጣት ተነሳች። አስማረ ሞተሩን ሲያስነሳ ከኋላዋ እስስስ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አየሩን ለቀቀችና ቀስ ብላ ወደነበረችበት ወረደች። የተሰበሰበው ሰው «ሰገደችልዎ!» እያለ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ገብቼ ሳያት አካሉን ከሚሸከመው ብረት፣ ከሻንሲው፣ ወደ አክሰሉ የወረደች እርሳስ የምታክል ዘንግ አገኘሁ፤ ጫፏ ላይ ሴንሰር አለ። ከፍታውን የምትለካው እሷ ናት። አካሉ ከተነገራት ቁመት በላይ ሆኖ ስታገኘው አየሩን ታስወጣለች። ዘንጓን ቆርጬ ጨማምሬ በየድኳት፤ አሁን መኪናዋ ከፍ ብላም ሴንሰሯ ዝቅ ያለች ይመስላታል። ከፍ እንዳለችም ቆመች። ዳሽቦርዱ ላይ ግን አንድ ቢጫ መብራት በራ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ መብራቱ ስላላማረኝ ባሕር ዳር ለሚሠራ ለአንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ደወልኩ። ትሑት ልጅ ነው። «አባባ፣ አዲሱ ከፍታ በመሣሪያ ካልተነገረው ኮምፒውተሩ ግራ ይገባዋል» አለኝ። «ግራ ሲገባው ደግሞ አሞርዛተሩን ጠጣሩ ላይ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ከፍ ስትል አሞርዛተሩ ወደ ጫፉ ተዘርግቷል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የሚለቀው ቦታ የለውም፣ ተንጠልጥሎ ይመታል። ወይ አምጧት፣ ወይ ብረቱን ያውጡት።»

ልጁ ያለው አንድም ሳይቀር ልክ ነበር። ግን መንገዱ አንድ ቀን ክፍት ሦስት ቀን ዝግ በሆነበት ዘመን መኪና ባሕር ዳር መላክ ማለት መቼ እንደምትመለስ አለማወቅ ነው። ብረቱ ከወጣ ደግሞ ወንዙ ውስጥ ትቀራለች። ለኮሚቴው ሁለቱንም ነገርኳቸው። ተመካከሩና «ከነመብራቷ ትሂድ» አሉ። እኔም መሪ ይዤ በጠጠሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አድርጌያት ነበርና ደህና መሰለችኝ። ከኋላ ልተኛ ብል ወገቤ አይፈቅድልኝም። አስማረ መብራቱ ዓይኑን ሲወጋው የቁስል ፕላስተር ለጠፈበት።

በመኸር፣ ጋሽ ይመር የገብስ ክምር ላይ ወጥተው ሲያስተካክሉ ወደቁ። ልጃቸው ደወለልኝ። ወጌሻው መጥቶ ዳሌያቸውን ዳሰስ አድርጎ፣ «ይኼ የኔ አይደለም፤ ሐኪም ቤት አድርሱት። እንዳይነቃነቅ ብቻ፤ የተሰበረው ከተነቃነቀ ውስጥ ያለውን ይቆርጥበታል» ብሏል አለኝ። በተገኘው መኪና ወገዳ ደረስኩና ከአስማረ ጋር በዚያችው መኪና ወደ ቀበሌው ወረድን።

ስንደርስ ቤቱ በሰው ተከቧል። እዚያ አገር በሽተኛ አለ ተብሎ ሲጮኽ ከየቤቱ አንድ አንድ ትከሻ ይወጣል፤ ቃሬዛውን ይዘው ተራ እየተለዋወጡ ወገዳ ድረስ ያደርሳሉ። የቃሬዛው መሪ አያ ፈንቴ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ የኮሚቴውም አባል ናቸው። መኪናዋን ሲያዩ ሰዎቻቸውን «እንግዲህ እኛ አረፍን» አሏቸው። ግን አልተመለሱም። «እስከ ወንዙ እንሸኛቸው፤ ቃሬዛውንም ያዙት» ብለው ተከተሉን።

ከኋላ፣ ጭነት የሚጫንበት ላይ ፍራሽ አነጠፍን። የጋሽ ይመር ልጅ፣ አስማረና እኔ ሳንነጋገር አንድ ሐሳብ መጣልን፤ ሁለት ኩንታል ገብስ ግራና ቀኝ ጫንን። ኮምፕሬሰሩ ጉርርር አለ። ማን ልብ አለው! ጋሽ ይመርን በመሃል አስተኝተን እኔ ራስጌያቸው ተንበረከክሁ።

በመጀመሪያው ጉድጓድ ጥርሳቸው ሲገጭ ሰማሁት። በሁለተኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መኪናዋ ሰውን ወደ ላይ ታነሳና አትቀበልም፤ ቁልቁል ስትወርድ ከሥር አንድ ነገር ጓ ብሎ ይመታል። ገብሱ ያለሰልሳታል ብለን ነበር፤ እሷ ግን ባሌስትራ አይደለችም፣ ክብደቱን ስታይ ከረጢቷን በአየር ነፍታ ይበልጥ ጠጥራለች። ይህ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ትከሻቸውን ይዤ «አይዞዎት ጋሼ፣ ይቅርታ ጋሼ» እላለሁ።

«ምን ጫናችሁባት?» አሉኝ በቀስታ።

«ገብስ ነው፤ እንድትለሰልስ ብለን።»

«አራግፉት።»

አስማረን አስቆምነው፤ ገብሱን መንገድ ዳር አወረድን። እስስስ አለችና አየሯን ለቀቀች። ስንነሳ መጠጠሯ ቀነሰ፣ ምታቱ ግን ባሰ፤ ቀለል ስትል ጎማዋ በየጉድጓዱ ይንጠለጠልና አሞርዛተሩ ጫፉ ድረስ ተዘርግቶ ይመታል። ከዚህ ወዲያ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ቀስ ብለን ብንሄድ ያው፣ ቶሎ ብንል የባሰ። የጋሽ ይመር ፊት እንደ አመድ ሆነ። ከንፈራቸውን ነክሰው ደም ወጥቶ አየሁ፤ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

«አውርዱኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ወገዳ ገና ሩቅ ነው። በእግር...»

«አንተ መኮንን፣ አውርዱኝ አልሁ እኮ።»

አያ ፈንቴ ሳይጠሩ ደርሰዋል። መኪናዋ በዝግታ ስትሄድ እነሱ ከኋላ አልራቁም ነበር። ከነፍራሹ አውጥተን ቃሬዛው ላይ አስተኛናቸው፤ አራት ሰው ብድግ አደረጋቸው። አንዱን ዘንግ ልያዝ ብዬ ገባሁ። ጥቂት እንደሄድን አያ ፈንቴ ክንዴን ያዙኝ።

«ልቀቅ ወንድሜ፤ አንተ ትረግጣለኽ።»

«እንዴት አድርጌ ነው?»

«ከፊተኛው ጋር እግርኽ ይገጥማል። እግር ከገጠመ ቃሬዛው ይወዛወዛል። እኛ እግራችንን አናጋጥምም፤ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይጥላል። ጉልበትም አይገተርም፤ ላላ ነው። ይኼ በአንድ ቀን አይለመድም።»

ለቀቅሁና ከጎን ሄድኩ። ዳገቱን ሲወጡ የፊቶቹ ዘንጉን ወደ ክርናቸው ያወርዱታል፣ የኋላዎቹ ትከሻቸው ላይ ያደርጉታል፤ በሽተኛው ጠፍጣፋ መሬት ላይ የተኛ ያህል ነው። ቁልቁለት ሲሆን ይህንኑ በተቃራኒው ያደርጋሉ። ተራ ሲለዋወጡ አይቆሙም፤ «እንካ» «በጀ» ይባባላሉ፣ ትከሻ ከትከሻ ይተካል። ጋሽ ይመር መጀመሪያ እጃቸው ዘንጉን ጨብጦ ነበር። ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ጣታቸው ሲላላ አየሁ። ደነገጥኩና አፋቸው አጠገብ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ተኝተዋል። ጭራሽ ያንኮራፋሉ። የምጽፈው እንዳጋነንኩ እንዳይመስል፤ አያ ፈንቴም ሰምተው ወደ ሰዎቹ ዞር ብለው «ዝም በሉ» አሉ።

አስማረ ባዶዋን መኪና ይዞ ከኋላችን ይከተላል። ወገዳ መግቢያ ጠጠሩ መንገድ ላይ ስንደርስ ቆምን። ከዚህ ወዲያ መንገዱ ለጥ ያለ ስለሆነ ለመኪናዋም አይከፋም። ጋሽ ይመር ነቁ።

«ምነው ቆማችሁ?»

«ወገዳ ገባን ጋሼ። ከዚህ መኪናው ይሻላል፤ እናስገባዎት» አልኳቸው።

መኪናዋን አዩ። ከዚያ አያ ፈንቴን አዩ። «ካልደከማችሁ፣ ትንሽ በዚሁ ልሂድ» አሉ።

ደክሟቸዋል። ላባቸው ነጠላቸውን አርሶታል። ግን ቃሬዛውን አነሱና በገበያው መሃል አልፈው ጤና ጣቢያው በር ድረስ ተሸከሟቸው። እዚያ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወጉ፤ እግራቸው በጣውላ ታስሮ በሌላ መኪና ደብረ ታቦር ሄዱ። ተሠራላቸው። ዛሬ በምርኩዝ ከበር እስከ ዛፉ ድረስ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በላይ አይሆንላቸውም።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ልጠይቃቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር። ገና «ጋሼ፣ ያን ቀን...» ስል አቋረጡኝ።

«ሆዷ ወንዙ ላይ ነካ?»

«አልነካም።»

«እንግዲያስ የተባልኸውን ሠርተኻል፤ እኔን አታስቸግረኝ።» እግራቸውን በሁለት እጃቸው አነሱና አስተካከሉ። «ግን ሰው አትጫኑባት። ለሰዎቹ ንገራቸው። እኔ እንኳ ብረት ሳውቅ የኖርሁ ነኝ፤ ምጥ የያዛት ሴት ብትሆን ምን ትል ነበር?»

ብረቱን ለማውጣት ሞከርኩ። ግን የአየር ከረጢቱ በዚያ ጉዞ ተቀድዷል፤ የሴንሰሯም ዘንግ ተሰብሯል፤ ዕቃው እኛ አገር አይገኝም። መኪናዋ ቆማ እንዳትበሰብስ ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ አውጥቼ ገጠምኩላት። የመጨረሻ ሥራዬ ይኸው ነው። አሁን ዳገቱንም ወንዙንም ትወጣለች፤ ማዳበሪያና ዘር ትጭናለች።

ኮሚቴው ደብሩ አጠገብ ባለው ዋርካ ሥር ተሰብስቦ ሳለ የጋሽ ይመርን ቃል አደረስኩ። ብዙ ሰው ነበር፤ ለዚያች መኪና በጉን ሸጦ የሰጠ ሁሉ ነበር። አንዲት እርጉዝ ሴት፣ ልጅ አዝላ ከኋላ ቆማለች። ሰብሳቢው ቄስ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «እንግዲህ ለበሽተኛ አትሆንም ማለት ነው?» አሉኝ።

«አትሆንም አባቴ» አልኳቸው።

አያ ፈንቴ ተነሥተው ዋርካው ላይ የተደገፈውን ቃሬዛ አወረዱና የላላውን ጠፍር ማጥበቅ ጀመሩ።